ለፋይል ደግሞ የምን ወረፋ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ኪንድል የሚባል የኢ-ቡክ ማንበቢያ (ኢ-ሪደር) ላከችልኝ። በላይብረሪ ካርዷ ሊቢ የሚባለው የላይብረሪ መተግበሪያ ላይ ገብታ ትዋስና መጽሐፉ እዚህ እኔ ጋ ይደርሳል። ሰሞኑን አንድ ልብ ወለድ ጠይቃልኝ ወረፋ ጠብቂ አሏት። ፋይል አይደል እንዴ? ያለፈውም ሳልጨርሰው ጠፋብኝ።
ከባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር

መልስ፦ ልጄ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ነገሩ ላይብረሪው መጽሐፉን አልገዛውም፤ የገዛው የማዋስ ፈቃድ ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ አንድ ፈቃድ ለአንድ አንባቢ ነው። ሦስት ፈቃድ ካለው ሦስት ሰው ያነባል፣ አራተኛው ይሰለፋል። ፈቃዱ ራሱ ዕድሜ አለው። ሐርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ኢ-ቡክ 26 ጊዜ ከተዋሱት በኋላ ላይብረሪው እንደገና ይግዛ ብሎ ደንብ አወጣ። ሌሎቹ በሁለት ዓመት ይገድቡታል። እስቲ አስቢው፣ የማያረጅ ነገር በውል ሲያረጅ! የወረቀቱ እንኳ ጀርባው ሲላቀቅ በፕላስተር ተለጥፎ ዓመታት ይነበባል። ደራሲ መብላት አለበት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። 26ቷን ግን አልዋጥልሽ አለችኝ።

የጠፋብሽ መጽሐፍ ቀኑ ሞልቶ በራሱ ተመልሶ ነው። ቅጣት የለበትም። እህትሽ ስትዋስ 21 ቀን የሚል ምርጫ ካገኘች እሱን ትምረጥ። ያሰመርሽበትና የጻፍሽው ማስታወሻ አካውንቱ ላይ ስለሚቀር፣ መጽሐፉን ድጋሚ ስትዋሰው ታገኚዋለሽ።

ደግሞ ቀኑ ሳይሞላ ኪንድሉን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው። ዋይፋይ እስክትከፍቺ ድረስ መጽሐፉ እጅሽ ላይ ይቆያል። ላይብረሪው በቀኑ ለባለ ተራው ስለሚሰጥ የማንንም ወረፋ አትዘጊም። እኔ እንደዚያ አድርጌ ጣና ዳር ይዤው እወርዳለሁ። በቀትር ፀሐይ ስልኬ የራሴን ፊት ነው የሚያሳየኝ፤ የኢ-ሪደሩ ፊደል ግን ጭራሽ ይደምቃል።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። ካርዱ የእሷ ነው፣ ለቤተሰብ መዋስ ይፈቀድ እንደሆነ ላይብረሪዋን ትጠይቅ። ሌላው፣ በኪንድል መዋስ የሚቻለው ከአሜሪካ ላይብረሪዎች ብቻ ነው። ካናዳ ያለ ዘመድ ሊያውስሽ ቢፈልግ ኮቦ የሚባል ሌላ ኢ-ሪደር ያስፈልግሻል።

ተራው እስኪደርስ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግቢ። የቅጂ መብታቸው ያለፈ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሞልተውታል፤ ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ። የአማርኛ መጽሐፍ ግን እዚያ ብዙ አትጠብቂ። እህትሽም ብዙ መጽሐፍ ወረፋ አስይዛ ሁሉም አንዴ ከደረሱ አትደንግጥ፤ ሊቢ ላይ ተራዋን ሳታጣ አንዱን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ትችላለች።