ከጭላዳ ሜዳ ወደ ዝናብ ደን፦ ለአዘዞዋ ተመራቂ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በባዮሎጂ ተመርቀሻል፤ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ስሜን ተራሮች ላይ ስለ ጭላዳ ሠርተሻል፤ አሁን ልብሽ ያረፈው በቆላ የዝናብ ደን ውስጥ የዱር አጥቢ እንስሳትን እያዩና እየመዘገቡ በመኖር ላይ ነው። አይከል ላይ የማስተማር ሥራ ተገኝቶልሻል። አባትሽ «እንጀራሽን ያዥ» ይሉሻል፤ አንቺ ግን ሥራውን ትተሽ ለልምምድ ቋራ ወዳለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ለመውረድ አስበሻል። «ልያዘው ወይስ ልተወው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ያዢው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ አልጣሽ።

አልጣሽ ቆላ ነው፤ የዝናብ ደን ግን አይደለም። ዝናቡ በክረምት ይመጣና ይሄዳል፤ በበጋ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ እሳት ይገባበታል። ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን፣ አንበሳ ያለበት ትልቅ ቦታ ነውና ሊጠና ይገባዋል። አንቺ የምትመኚው ግን ሌላ ነው። በአማዞንና በቦርኒዮ ቆላ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ጎንደር ከምታገኘው እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ዛፎቹ 30 እና 40 ሜትር ከፍ ብለው ጣራ ይሠራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። እዚያ የምትማሪውን አልጣሽ አያስተምርሽም። ደግሞም ወደ ቋራም ሆነ ወደ ደባርቅ ከመነሳትሽ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሪ፤ ይህን ለማንም ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጭላዳ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ አንድ መጥፎ ልማድ ግን ያስይዛል። ስሜን ላይ መንጋው ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር እየነጨ፣ አንቺም በጥቂት ሜትር ርቀት ቁጭ ብለሽ በመቶ የሚቆጠረውን ትመዘግቢያለሽ። ዓይንሽ ብቻ ይሠራል። የዝናብ ደን ውስጥ ዓይን መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው።

ይህን የተማርኩት ወጣት ሳለሁ ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር ጋምቤላ ክልል ወዳለው ጎደሬ በወረድኩ ጊዜ ነው። በአገራችን ወደ ቆላ የዝናብ ደን ከሚቀርቡት አንዱ ይህ የማጃንግ ደን ነው፤ ዩኔስኮ በ2017 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰው ተፈጥሮን እየጠበቀ የሚኖርበት ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። ባይኖኩላሬን ዓይኔ ላይ ለጥፌ፣ እንደ ስሜን አሻግሬ ሳማትር ዋልኩ። አሻግሮ የሚታይ የለም፤ ከ15 ሜትር በኋላ ሁሉም ቅጠል ነው። በአራት ቀን ያየሁት አንድ የጉሬዛ ጅራትና ምን እንደሆነ ያለየሁት አንድ ጥላ ነበር። በአምስተኛው ቀን መንገድ የሚመራን የማጃንግ ሰው፣ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ያደገ ንብ አናቢ ነው፣ ትከሻዬን ያዘና አቆመኝ። ጆሮውን ጣል አድርጎ ቆየ። ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ። ነፋስ የለም። ነፋስ ሳይኖር ፍሬ ከወደቀ ላይ የሚበላ አለ ማለት ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ሳንነቃነቅ ቆምን። ስድስት ጉሬዛዎች በትክክል ከራሳችን በላይ ነበሩ፤ እነሱ እኛን ሲያዩን ነበር የቆዩት። ከዚያ ቀን በኋላ ባይኖኩላሩ አንገቴ ላይ፣ ጆሮዬ ከፊት ሆነ።

ስለዚህ የምትገቢበት ሙያ አብዛኛው ክፍል አለማየትን በትክክል መመዝገብ ነው። ተመራማሪዎች በደን ውስጥ የተለካ መንገድ ቀይሰው በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ፣ እንስሳው ከመንገዱ ምን ያህል እንደራቀ ይለካሉ፤ ከዚያ ርቀት ተነስተው ሳይታይ የቀረውን ይገምታሉ። አንድ ሰው ጠዋቱን ሁሉ ሄዶ ምንም ካላየ «ዜሮ» ይጽፋል፤ ያ ዜሮ ስሌቱ ውስጥ ይገባል። ሰልችቶት ዜሮውን የዘለለ ሰው ጥናቱን አበላሽቷል። ማታ ደግሞ በባትሪ ብርሃን የጥርኝና የሸለምጥማጥ ዓይን ያበራል፤ የጦጣ ዓይን አያበራም። ይህን ያላወቀ ሰው ሌሊቱን ዞሮ «እዚህ ደን ጦጣ የለም» ብሎ ይመለሳል።

ካሜራ ትራፕም አለ፤ እንስሳው ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሳው ማለቴ ነው። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በፓናማ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት እንስሳው ገመድ ሲነካ የሚፈነጥቅ ካሜራ ተክሎ ነበርና ነገሩ አዲስ አይደለም። በዝናብ ደን ግን እርጥበት ይገባበታል፣ ጉንዳን ይሰፍርበታል፣ ዝሆን ያገኘው እንደሆነ ይሰብረዋል። የሚያመጣው ፎቶ በሺህ የሚቆጠር ነው፤ ብዙው ባዶ ቅጠል ነው። ያንን ተቀምጦ የሚለይ ሰው ይፈለጋል። ለአንቺ በሩ የሚከፈተው በዚህ በኩል ይመስለኛል። ዙኒቨርስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከአፍሪካ ደኖች የተነሱ ምስሎችን በነፃ እየለየሽ ዓይንሽን መግራት ትችያለሽ፤ አይከል ሆነሽ፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት። ከዚያ ጎን አር (R) የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራምና ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ተማሪ። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ጫካ መሄድ የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ ከጫካ ተመልሶ መረጃውን አጥርቶ፣ ካርታ ሠርቶ የሚያስረክብ ግን ጥቂት ነው።

አይከልን ያዢ ያልኩሽ አሁን ይገባሻል። የመስክ ረዳት ውል አብዛኛውን ጊዜ የወራት ነው፤ አንዱ አልቆ ሌላው እስኪመጣ ባዶ ጊዜ አለ። የመምህር ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይገባል፤ ክረምቱም የአንቺ ነው። አባትሽም ከአፋቸው የወጣው ስለ እንጀራ ቢሆንም ከልባቸው የሚፈሩት ልጃቸው ያለ መጠጊያ እንዳትቀር ነው። «ሁለት ዓመት አስተምራለሁ፤ ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ እወዳደራለሁ» ብለሽ ቁርጥ ያለ ጊዜ ንገሪያቸው። ጊዜ ያለው ዕቅድ ለወላጅ ይከብዳል ብዬ አላምንም።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት መለማመጃሽ የቤተ ክርስቲያን ደን ይሁን። ጽዱና ወይራው ጥቅጥቅ ያለበትን አንድ ደብር ምረጪ፤ አባቶችን ፈቃድ ጠይቂ፤ ሴት የማትገባበት ገዳም ከሆነ ሌላ ፈልጊ። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ለዪና በሳምንት ሁለት ጊዜ ጎሕ ሲቀድ፣ አንድ ሰዓት እየፈጀሽ ቀስ ብለሽ ሂጂበት። የድኩላ ኮቴ፣ የጃርት እሾህ፣ የተጫረ አፈር፣ ሁሉንም ከነሰዓቱና ከነርቀቱ ጻፊ። ጥርኝ እየተመላለሰ የሚጸዳዳበት ቋሚ ቦታ አለው፤ እሱን ካገኘሽ ዕድለኛ ነሽ፤ በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለውን ዘር እየለየሽ በየትኛው ወር ምን እንደበላ ታውቂያለሽ፤ ጥርኙን አንድ ቀን ሳታይው ማለት ነው። በጨለማ ለብቻሽ አትውጪ፤ ጅቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። በክረምት ደግሞ ዝናብ ላይ ሂጂ። እርጥብ ደብተር ላይ መጻፍ፣ ጭጋግ የያዘው መነጽር መጥረግ፣ ረጥቦ ሰዓታት መቆም አሁኑኑ የሚለመድ ነገር ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንደኛው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛሽ ዩጋንዳ ያደርስሻል፤ ሰምሊኪ የሚባለው ፓርክ የኮንጎው ኢቱሪ ደን ጫፍ ነውና ለመጀመሪያ ጊዜ ቆላ የዝናብ ደንን ለማየት ምቹ ነው። ጋቦን፣ ሁለቱ ኮንጎዎች፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ግን በፈረንሳይኛ ነው የሚሠሩት። አንድሪያ ቱርካሎ የተባለች ተመራማሪ በዚያች ሪፐብሊክ፣ ዛንጋ ባይ በተባለ የደን ገላጣ፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምራ ከ20 ዓመት በላይ የደን ዝሆኖችን በጆሯቸውና በጥርሳቸው እየለየች መዝግባለች፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ጦርነት ከቦታው አስወጣት። መዝገቡ ግን ዛሬም የደን ዝሆን ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚራባ የምናውቅበት ነው። እኛ ያለንበትን ጊዜ ሳስብ የእሷ ነገር ይመጣብኛል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ትሮፒካል ባዮሎጂ አሶሲየሽን ለአፍሪካ ወጣቶች የመስክ ሥልጠና ይሰጣል፣ ራፎርድ ፋውንዴሽን ደግሞ ለጀማሪ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች አነስተኛ ድጎማ አለው። ሁለቱም ማመልከቻሽ ላይ ምን እንደሠራሽ ይጠይቁሻል። ከአንድ ደን የሁለት ዓመት መዝገብ ይዞ የሚመጣ አመልካች ብዙ አይደለም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የመጀመሪያውን ደብተርሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ዜሮ የተጻፈባቸውን ገጾች እንዳታስቀሪ።