ኤቢሲዲን ከኤ እስከ ዜድ ይላል፣ «ውሃ ስጪኝ» ግን አይልም

ስለ ንግግር መዘግየትና ስለ ኦቲዝም ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ለዚህ እትም 3 መርጠናል። ረዘም ያሉትን አሳጥረናቸዋል፣ ማንነት የሚያሳውቀውንም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከጎንደር ነው ምጽፈው። ወንድ ልጄ 3 አመት አልፎታል እስካሁን አፉን አልፈታም። አልፈታም ስል ዝም ያለ ልጅ አይደለም፣ ኤቢሲዲን ከኤ እስከ ዜድ በእንግሊዝኛ ይላል፣ እስከ 20 ይቆጥራል፣ ከዩቲዩብ የሰማውን ዘፈን አንድ ቃል ሳያዛንፍ ይደግመዋል፣ ግን ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ጎትቶ ወስዶ ፍሪጁ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ውሃ ስጪኝ አይልም፣ እማዬ ብሎ ጠርቶኝም አያውቅም። ስሙን ብጠራው ዞር አይልም፣ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። መጫወቻ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን ሲያሽከረክር ነው ሚውለው። ባለቤቴ «እኔም በ4 አመቴ ነው ያወራሁት አታካብጂ» ይላል። አማቴ ደግሞ ልደቱ ቀን ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ስለለጠፍሽው ዓይን በልቶት ነው፣ ፀበል ይግባ ይላሉ። ሀኪም ጋር ወስጄው «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ 5 አመት እስኪሞላው ጠብቂ» ተባልኩ። ጎረቤቴ ኦቲዝም ነው፣ ስልክ እየሰጠሽው ነው ያመጣሽበት ካለችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ነኝ ልጄን ያበላሸሁት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ አይደለሽም። ኦቲዝም (ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ የሚለውጥ የአእምሮ እድገት ሁኔታ ነው) ስልክ ሚያመጣው ነገር አይደለም፣ አስተዳደግም አያመጣውም፣ አእምሮ ገና ማህፀን ውስጥ ሆኖ ከሚያድግበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፣ በዘር የሚወረሰውም ድርሻ ትልቅ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ትላልቅ ሀኪሞች ራሳቸው ፍቅር የነፈገች እናት ነች ልጇን እንዲህ ያረገችው እያሉ እናቶችን ሲያስለቅሱ ኖረዋል፣ በኋላ ውሸት መሆኑ ተረጋገጠ። ስልኩ ሚጎዳው በሌላ በኩል ነው፣ ልጁ ከሰው ጋር ሊያሳልፈው የሚገባውን ሰአት ይበላበታል። የአለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 አመት ላሉ ልጆች በቀን ቢበዛ 1 ሰአት ነው የሚለው፣ ከዛም ቢያንስ ይመረጣል።

አሁን ወደ ልጁ። በደብዳቤ ምርመራ አይሰጥም፣ ኦቲዝም ነው ብዬ አልጽፍልሽም። ግን የጻፍሽው ነገር አንድ ላይ ሲታይ አንድም ሳምንት የሚያስጠብቅ አይደለም። ልጅ 1 አመት አካባቢ ሲሆን ስሙ ሲጠራ መዞር አለበት፣ 1 አመት ከምናምን ላይ የሚፈልገውን በጣቱ ማሳየትና ነጠላ ቃላት መጀመር፣ 2 አመት ላይ ደሞ «ውሃ ስጪኝ» አይነት ሁለት ቃል ማያያዝ። እሱ 3 አልፎት እጅሽን እንደ መሳሪያ ነው ሚጠቀምበት። ኤቢሲዲው ነው ብዙ ቤት ውስጥ ሰውን የሚያታልለው፣ እንግዳ ሲመጣ ያስቆጥሩታል፣ ይጨበጨባል፣ ጎበዝ ነው ይባላል፣ ጎበዝም ነው፣ ግን የሰሙትን መድገምና ሰው ለማናገር ማውራት ለየቅል ናቸው። ወንድ ልጅ ትንሽ ዘግየት ማለቱ እውነት አለው፣ ስሙ ሲጠራ ለማይዞር ልጅ «5 አመት እስኪሞላው ጠብቂ» ማለት ግን ስህተት ነው፣ በስልኩ ብትሳሳትም ያለህክምና እውቀት ጎረቤትሽ ከሀኪሙ የተሻለ ጠርጥራለች።

መጀመሪያ ጆሮ። የብስኩቱን ላስቲክ ስለሰማ ጆሮው ደህና ነው አትበይ፣ በከፊል የማይሰሙ ልጆች አንዳንዱን ድምፅ ሰምተው አንዳንዱን ያልፉታል፣ ስለዚህ ጆሮ አፍንጫ ጉሮሮ ክፍል የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ቀጥሎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስላለልሽ ህፃናት ክፍል ቀርበሽ ወደ ሳይካትሪ (አእምሮ ህክምና) ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፣ ዩኒቨርሲቲው ኦኩፔሽናል ቴራፒም (የእለት ተእለት ነገሮችን እንዲችል የሚያለማምድ ህክምና) ስለሚያስተምር እሱንም አንሺባቸው። ከመሄድሽ በፊት ቤት ውስጥ ሲጫወት፣ ስሙን ስትጠሪው፣ ውሃ ሲፈልግ በስልክሽ ትንሽ ትንሽ ቪዲዮ ቅጂ፣ ሀኪም ፊት ልጅ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው፣ ወይ ያለቅሳል ወይ ጥግ ይይዛል፣ ቪዲዮው ግን ቤት ያለውን ያሳያል። ባለቤትሽንም አትከራከሪው፣ ይዘሽው ሂጂ፣ ከሀኪሙ አፍ ይስማው።

አማትሽን በተመለከተ፣ ፀበሉን አትከልክያቸው። ኤችአይቪ ላይ ይሄ ክርክር ተነስቶ አቡነ ጳውሎስ በህይወት እያሉ ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ምእመናንን መክረዋል፣ ይሄን ለእማማ ንገሪልኝ። እኔ የምለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ አንደኛ የሀኪም ቀጠሮ በፀበል ምክንያት አይለፍ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ክኒኑ ለአንድም ቀን መቋረጥ የለበትም፣ ሁለተኛ ልጁ አይታሰርም፣ አይገረፍም፣ ምግብ አይከለከልም።

ቀጠሮው እስኪደርስ (ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ባለሙያው ጥቂት ነው) ቤት ውስጥ ሚሰራ ብዙ አለ። ጎማ ማሽከርከሩን አትንጠቂው፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጪ፣ ፊትሽ ከፊቱ ትይዩ ይሁን፣ እሱ ሲያዞር «ዞረ ዞረ ዞረ» በይ፣ ሲያቆም «ቆመ!» በይ። ረጅም አረፍተ ነገር አያስፈልገውም፣ አንድ ሁለት ቃል ይበቃል። ብስኩቱን ክዳኑን መክፈት በማይችለው ግልጽ እቃ ውስጥ አርገሽ እይታው ውስጥ አስቀምጪው፣ ይፈልግሻል፣ እጅሽን ሊጎትት ሲመጣ ወዲያው አትክፈቺለት፣ ፊቱን እያየሽ በሆድሽ እስከ 5 ቁጠሪ፣ እቃውን ቢያቀብልሽ፣ ቢያሳይሽ፣ ድምፅ ቢያወጣ፣ አይንሽን ቢያይ እንደ ንግግር ቁጠሪለትና «ክፈቺ!» ብለሽ ክፈቺ። ማዕድ ላይ ጉርሻውን ጠቅልለሽ አፉ አጠገብ ያዝ አርጊ፣ ቀና ብሎ እስኪያይሽ ጠብቂና «እንካ» ብለሽ አጉርሺው፣ በቀን 3 ጊዜ ይበላል፣ በየማዕዱ ብዙ ጉርሻ አለ፣ ከዚህ የበለጠ ቴራፒ ከየት ይመጣል። እንዲያለቅስ ድረስ ግን አታስጠብቂው፣ ከተናደደ ጨዋታው አለቀ።

ይሄን አይነት ነገር ለወላጅ በስርአት ሚያስተምር ስልጠና የአለም ጤና ድርጅት አዘጋጅቷል፣ ከ2 እስከ 9 አመት ላሉ ልጆች ወላጆች ነው፣ 9 ጊዜ በቡድን 3 ጊዜ ደሞ ቤት ድረስ እየመጡ፣ ኢትዮጵያም ውስጥ ተሞክሯል፣ ሆስፒታሉን እሱን ሚሰጥ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ደግሞ ጆይና ነህምያ የሚባሉት የኦቲዝም ማእከሎች አሉ። ጆይን ነፍሷን ይማረውና ዘሚ የኑስ ነች በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈተችው፣ የራሷን ልጅ ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሉባት ነው እንግዲህ እኔው እከፍታለሁ ያለችው። ቦታ ቶሎ አይገኝም፣ ግን ደውሎ መጠየቅ አይጎዳም።

እና በቴሌግራም «ኦቲዝምን በ3 ወር እናጠፋለን» የሚሉ አሉ፣ ጠብታ፣ ዱቄት፣ ስቴም ሴል ምናምን። ብርሽን አትስጫቸው። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፣ ሀኪም አንዳንዴ ክኒን የሚያዘው አብሮ ላለ ከባድ ቁጣ፣ ለእንቅልፍ ወይ ለሚጥል በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ። ልጄ 2 አመት ከ7 ወሯ ነው፣ ዶክተሯ ንግግሯ ዘግይቷል ኧርሊ ኢንተርቬንሽን (እድገታቸው የዘገየ ህፃናትን በጊዜ የሚረዳ አገልግሎት) ደውል ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። አልደወልኩም። ስሟ አንዴ ከተጻፈ እስከ ኮሌጅ ይከተላታል፣ ልጅም ይቀማሉ ሲባል እሰማለሁ። ሞግዚቷ ደግሞ አማርኛ ስለምታወሯት ነው ግራ የገባት፣ እንግሊዝኛ ብቻ አውሯት አለችን። ሚስቴ ክትባቱ ነው ትላለች፣ ሁለተኛውን ልጅ አላስከትብም ብላለች።

መልስ፦ ወንድሜ ዛሬ ደውል፣ ሰአቱ ነው ሚያስቸኩልህ። ይሄ አገልግሎት ከ3 አመት በታች ላሉ ልጆች በፌዴራል ህግ የተቀመጠ ነው፣ አንተ ባለህበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ይሉታል። ምርመራው ነፃ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ አገልግሎቱም አይከፈልበትም፣ ራስህ ደውለህ ማስመዝገብ ትችላለህ፣ ከደወልክ በ45 ቀን ውስጥ ገምግመው እቅድ ሊያወጡልህ ይገባል። 3 ሊሞላት ከ45 ቀን በታች ሲቀር ከደወልክ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሚመሩህ፣ ከ3 በኋላ አይኢፒ የሚሉት፣ ትምህርት ቤቱ ለልጁ ለብቻው የሚያወጣው የእርዳታ እቅድ ሊመጣ ይችላል። ሲፒኤስ (የመንግስት የህፃናት ጥበቃ ክፍል) አይደሉም፣ ልጅ ሊወስዱ አይደለም የሚመጡት፣ ያንተ ፊርማ ከሌለ ምንም አይጀምሩም፣ ካልተመቸህም ታቆመዋለህ። ስትደውል የአማርኛ አስተርጓሚ ብለህ ጠይቅ፣ እንግሊዝኛህ ጥሩ ቢሆንም ጠይቅ፣ ስለ ልጅ ሲወራ ሰው በራሱ ቋንቋ ነው ሚገባው። እስከ ኮሌጅ ይከተላታል የሚሉህ ሰዎች፣ ሳይረዷት አንደኛ ክፍል ብትገባ ምን እንደሚከተላት ጠይቃቸው እስቲ።

አማርኛውን አታቁሙ። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም ኦቲዝምም አያመጣም። እናትና አባት ያልለመዱትን እንግሊዝኛ እየተኮላተፉ ሲያወሯት ነው ወሬው ሚያንሳት፣ ተረቱም እሹሩሩውም ይቀራል፣ አያት በቫይበር ሲደውሉ ደሞ አትግባባም።

ክትባቱን ለሚስትህ እንዲህ በላት፣ ወሬው የተነሳው ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሀኪም በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ኩፍኝ ክትባት በ12 ልጆች ላይ ጽፎ ላንሴት የሚባል የህክምና መጽሄት ላይ ካወጣው ጽሁፍ ነው፣ መጽሄቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ጽሁፉን ሰርዞታል፣ ሰውየውም ፈቃዱን ተነጥቋል። ከዛ በኋላ በጣም ብዙ ልጆች ላይ ተጠንቶ ግንኙነት አልተገኘም። ምልክቱ ጎልቶ ሚታየው ክትባቱ በሚሰጥበት እድሜ አካባቢ ስለሆነ ነው እናት የምታያይዘው፣ አይፈረድባትም። ኩፍኝ ግን ይገድላል፣ ሁለተኛው ልጅ ይከተብ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ 15 አመቴ ነው። ወንድሜ ኦቲዝም አለበት 9 አመቱ ነው። እማዬ ቀኑን ሙሉ እሱ ጋር ነች፣ ጓደኞቼን ቤት አላመጣም አፍራለሁ፣ ከዛ ስላፈርኩ በራሴ እናደዳለሁ። ሌሊት አልተኛም፣ ትምህርቴ ወርዷል፣ ዝም ብሎ ያስለቅሰኛል። እሱን ጠልቼው አይደለም።

መልስ፦ እንዳልጠላሽው ገብቶኛል የኔ ቆንጆ። ወንድሙን የሚወድ ሰውም ያፍራል ይናደዳል፣ ይሄ ክፉ እህት አያረግሽም። አለመተኛቱ፣ ለቅሶውና ትምህርቱ መውረዱ ግን 2 ሳምንት ካለፈው ድብርት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት፣ ለወንድምሽ ሀኪም እንደሚያስፈልገው ላንቺም ያስፈልግሻል። መኖር ማስጠላት ወይም ራስን መጉዳት ወደ ሀሳብሽ መጥቶ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበይ፣ ዛሬውኑ ለእናትሽ ወይ ለአክስትሽ ወይ ለምታምኚው አስተማሪ ንገሪ፣ ማታም ከሆነ ብቻሽን አትሁኚ፣ ይዘውሽ በአቅራቢያ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለእናትሽ ለመንገር ከከበደሽ ይሄን ገጽ አሳዪያት፣ ቀጥሎ ያለው ለሷ ነው።

እናቴ፣ ልጅሽ እንድትመረመር የካቲት 12 ሆስፒታል የህፃናትና ወጣቶች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አለ፣ ይዘሻት ሂጂ። በሳምንት አንድ ከሰአት ልጁን አባቱ ወይ ዘመድ ይያዝልሽና ከሷ ጋር ብቻ ውጪ፣ ፒያሳም ሂዱ ሻይም ጠጡ፣ ስለ ወንድሟ ሳታወሩ። «እኔ ካለፍኩ ማን ይይዘዋል» የሚለው ጭንቀትሽ ይገባኛል፣ ግን «ኋላ አንቺ ነሽ የምትይዢው» ብለሽ ከአሁኑ በ15 አመቷ አታሸክሚያት፣ ይሄ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ ከባለቤትሽና ከወንድም እህቶችሽ ጋር ተነጋገሩበት። ልጅቷ ጓደኞቿን ቤት ማምጣት ከፈለገች ደግሞ ስለ ወንድሟ ምን ብላ እንደምትነግራቸው አብራችሁ ተለማመዱ፣ «ወንድሜ ኦቲዝም አለው፣ ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን ይይዛል፣ ዝም በሉት ይለቀዋል» ካለች ይበቃል፣ የ15 አመት ልጆች እኛ ከምናስበው በላይ ቶሎ ይለምዳሉ።