ማርሚታ መብሳት ጉልበት ይጨምራል?

ጥያቄ፦ በመቂ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት አለማለሁ። ውሃ የምስበው ከጉድጓድ ሲሆን፣ ባለ 3 ኢንች ፓምፕ የተገጠመለት ባለ 196 ሲሲ የቤንዚን ሞተር አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን ጉልበቱ ቀንሷል፣ የሚያወጣውም ውሃ ሳስቷል። አንድ መካኒክ የማርሚታውን የውስጥ ክፍልፋይ አውጥቶ ጎኑን ቢበሳልኝ ሞተሩ በደንብ እንደሚተነፍስ ነግሮኛል። ላሠራው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይቅርብዎት። ሞተሩ በዚያው ማርሚታ አንድ ዓመት በሙሉ በደንብ ከሠራ፣ ድካሙ ከማርሚታው አሠራር የመጣ ሊሆን አይችልም። መፈለግ ያለበት ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ጉድለቱ የሞተሩ ነው ወይስ የፓምፑ የሚለውን ይለዩ። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ፍጥነቱን የሚቆጣጠርለት ገቨርነር አለው፤ ጭነት ሲበዛበት የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) በር ይከፍታል፣ ሲቀልለት ይዘጋል፣ ፍጥነቱንም በደቂቃ 3,600 ዙር ገደማ ላይ ይገታዋል። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ፓምፑ ውሃ እየሳበ ሳለ የገቨርነሩን ክንድ ይመልከቱ። ክንዱ ገና የሚሄድበት ቦታ ቀርቶት ሞተሩም ድምፁ ሳይዋዥቅ የሚሠራ ከሆነ፣ ያልተነካ ጉልበት አለው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ማርሚታው ቢከፈት ገቨርነሩ በሩን በዚያው ልክ መልሶ ይዘጋዋል እንጂ አንዲት ጠብታ ውሃ አይጨመርም። ድምፁ ስለሚጎላ ብቻ ሞተሩ የበረታ ይመስላል።

ሞተሩ ደህና ሆኖ ውሃው ካነሰ፣ መምጠጫውን ቱቦ ይፈትሹ። በመገጣጠሚያው አየር ያስገባል? ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት በጭቃ ተደፍኗል? የጉድጓዱ ውሃስ ወርዷል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በከባቢ አየር ግፊት አጋዥነት ስለሆነ፣ በባሕር ወለል 8 ሜትር የሚስብ ፓምፕ በእናንተ አካባቢ፣ ማለትም በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከ6 ሜትር ብዙም አያልፍም። ውሃው ከዚያ በታች ከወረደ መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ ነው።

የገቨርነሩ ክንድ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶት እንኳ ሞተሩ የሚያጣጥር ከሆነ ግን በእርግጥ ጉልበት አጥቷል። ያን ጊዜ ወደ ማርሚታው እንሄዳለን፣ ግን ለመብሳት ሳይሆን ለማጽዳት። በብዙዎቹ ማርሚታዎች መውጫ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የሚያስቀር ስስ የሽቦ ወንፊት አለ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ወንፊቱን ፈትተው ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ቀዳዳዎቹ በጥቀርሻ ተደፍነው ብርሃን የማያሳልፉ ከሆነ የታነቀው እዚያ ነው። ሽቦውን ሳይቀድዱ በብሩሽ ያጽዱት። አምራቾች ይህ በየ100 የሥራ ሰዓቱ እንዲደረግ ያዝዛሉ፤ በየቀኑ ለሚያጠጣ ገበሬ 100 ሰዓት ሩቅ አይደለም።

ጥቀርሻው ለምን በዛ የሚለውን ደግሞ ካንዴላው ይነግርዎታል። ጫፉ ደረቅ ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን እየጠጣ ነው፤ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከነጣ ደግሞ ቤንዚን አንሶት እየጋለ ነው። ለጥቁርነቱ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ አንዱ ምክንያት ሲሆን ከፍታው ሌላው ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተመጠነው የካርቡሬተር ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ክፍል፣ ቤንዚን ያበዛል። የሆንዳ መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ ሞተር እንደሚገልጸው፣ ካርቡሬተሩ ተስተካክሎ እንኳ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። በመቂ ይህ ወደ 19 በመቶ ስለሚደርስ ከአምራቹ የተጻፈውን ጉልበት ሙሉውን አይጠብቁ። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጄት ማስገባት ግን ከዚህ በላይ የሚባክነውን ይመልስልዎታል። ሞተሩን ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር ቆላ የሚወስዱት ከሆነ የቀድሞውን ጄት መመለስዎን አይርሱ፤ ካልሆነ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል። በዚሁ አጋጣሚ የቫልቮቹን ክፍተት ያስለኩ፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ሲቀዘቅዙ የመግቢያው 0.15፣ የመውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው።

ማርሚታው ቢበሳስ ምን ይጎዳል? የሚገባው አየር በመጠኑ ጨምሮ ጄቱ ባለበት ከቀረ፣ የቤንዚኑና የአየሩ ምጣኔ ሊዛባና የጭስ መውጫው ቫልቭ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በጎን ቀዳዳ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ነው፤ በእነዚህ ሞተሮች የቤንዚን ጋኑ ከማርሚታው ብዙም አይርቅም፣ ደረቅ ሣርም ከሥር ይኖራል። ድምፁም ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚውለውን ሰው ጆሮ ይጎዳል። ማርሚታ ከፍተው የሚያተርፉት ለእሽቅድምድም የሚያዘጋጁት ናቸው፤ እነርሱ ገቨርነሩን አንሥተው፣ ጠንካራ ቢየላ (ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) አስገብተው፣ ጄቱን ለውጠው ሞተሩን እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት ያሽከረክሩታል። የፓምፕ ሞተር እንዲያ ቢደረግ ቢየላው ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር ብስክሌት አለኝ። የማርሚታዬን ጫፍ ባስቆርጠው ይፈጥናል?

መልስ፦ አይፈጥንም፤ እንዲያውም ሊደክም ይችላል። በቱ ስትሮክ ሞተር ጭስ ማስወጫው የሞተሩ የሥራ አካል ነው። ጭሱ ሲወጣ አብሮት ሊያመልጥ የሚሞክረውን ያልተቃጠለ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ፣ ከቱቦው ጠባብ ጫፍ ተመልሶ የሚመጣው የግፊት ሞገድ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ይህን አሠራር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ጀርመኑ ኤም ዜድ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ መሐንዲሱ ዋልተር ካደን በሚገባ ካጎለበተው ወዲህ፣ የቱቦው ርዝመትና ስፋት በልኬት የሚወሰን ሆኗል። በዘፈቀደ ሲቆረጥ ሞገዱ ጊዜውን ያልፋል፣ ቤንዚኑም ሳይቃጠል ይወጣል። ብስክሌቱ ደክሞ ከሆነ ማርሚታውን አስፈትተው ውስጡ የተጋገረውን የዘይት ጥቀርሻ ያስጠርጉ፤ ዘይቱንም ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቅሉት አምራቹ ባዘዘው መጠን መሆኑን ያረጋግጡ።