ጃኖን ለማየት ከሱሉልታ ስትወርጂ መመለሻሽን አስቀድሚ

እህቴ፣ የምትኖሪው ሱሉልታ ነው። የሮክ ባንዱን ጃኖን በመድረክ አይተሽ አታውቂም። አዲስ አበባ ሲጫወቱ መሄድ ፈልገሽ ማታ እንዴት እንደምትመለሺ፣ የትኛውን ቲኬት እንደምትገዢ፣ አዳራሹ ውስጥ የት እንደምትቆሚና ለቤተሰብ ምን እንደምትይ ጠይቀሻል። እኔም የሱሉልታ ልጅ ነኝ፤ ለኮንሰርት ከተማ መውረድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ ስለ ቲኬት ይጨነቃል። ለእኛ ግን ቲኬቱ ቀላሉ ነገር ነው። መሄዱም አይከብድም፤ በሚኒባስ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ እንደ ቦታው ወደ ስታዲየም ወይም ወደ ቦሌ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሲያልቅ ነው።

ፖስተሩ ላይ በር የሚከፈተው 11 ሰዓት ነው ቢልሽ አትመኚው። ዲጄ አለ፣ ሌሎች ዘፋኞች አሉ፣ ስፖንሰር ይመሰገናል። ዋናው ባንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ከወጣልሽ እድለኛ ነሽ። ሲያልቅ የአዲሱ ገበያ ተራ ጭር ብሏል። በአፕ የምትጠሪው ታክሲ ደግሞ መድረሻሽ ሱሉልታ መሆኑን ሲያይ ወይ ይሰርዘዋል፣ ወይ የደርሶ መልስ ክፈይ ይልሻል። አይፈረድበትም። የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ፣ በዚያ ጉም ውስጥ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለናል ቢባልም ለባለ ታክሲ እኛ እስካሁን ክፍለ ሀገር ነን።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ከሰፈር ሰው ሰብስቦ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ነው። ሹፌሩ የሱሉልታ ሰው ይሁን፤ እሱም ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ሐሳብ አይቀይርም። ግማሹን ሂሳብ ስትነሱ፣ ግማሹን ቤት ስትደርሱ ክፈሉ። መኪናው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃችሁ እንጂ ከእናንተ ጋር ገብቶ አይጠጣ። ይሄን ቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት፤ አትፈሩ።

ሁለተኛው ማደር ነው። ዘመድ ካለሽ ከሁሉም ይሻላል። ከሌለሽ ለአዳራሹ ቅርብ የሆነ ፔንሲዮን በቀን ሄደሽ አይተሽ ያዢ፤ መታወቂያ እንዳትረሺ። ድሮ ፒያሳ በርካሽ ይታደር ነበር። አሁን ብዙው ፈርሷል፤ የታክሲ ተራውም ቦታ ስለሚቀያየር አምና የምታውቂውን እንዳትተማመኚ። ብቻሽን ከሆንሽ ማደሩን ነው የምመክርሽ። ሌሊት ብቻሽን መንገድ ዳር ቆመሽ ታክሲ መለመን በምንም ቢሆን አይሞከርም።

ቲኬት ላይ መደበኛው ይበቃሻል። ቪአይፒ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛና መጠጥ ነው፤ ሮክ ደግሞ ተቀምጠው የሚሰሙት ነገር አይደለም። አዘጋጁ ካስተዋወቀው መሸጫ ግዢ። በር ላይ ከሚያዞሩት ልጆች አትግዢ፤ የተባዛ ሊሆን ይችላል። ወቅቱንም አስቢ። በዐቢይ ጾም ብዙ አትጠብቂ፤ የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ሰሞን ነው የሚሞቀው።

አሁን ወደ ጣፋጩ እንምጣ፤ የት ልቁም ላልሽው። ሁሉም ወደ መድረኩ ይጋፋል። እኔ ግን መሀል ላይ፣ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን (የድምፅ ማስተካከያውን) ይዞ ከቆመበት አጠገብ ነው የምፈልገው። እሱ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ በሚሰማው ልክ ነው። እንደ ሚሊኒየም አዳራሽ ባለ ሰፊ ቦታ ዳር ላይ ከቆምሽ ጊታሩ ተደበላልቆ ይደርስሻል። አዳራሹ ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራ ነው፤ ቢዮንሴም በዚያው ዓመት ጥቅምት ዘፍናበታለች፤ ስፋቱን ከዚህ ገምቺ። ጃኖን እስካሁን በስልክ ብቻ ከሰማሽ ደግሞ ግማሹን አልሰማሽም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ‹ኤርታሌ› አልበም ፕሮዲዩስ ያደረገው ቢል ላስዌል ራሱ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ያ ቤዝ ከስልክ አይወጣም። መድረክ ላይ ደረትሽ ውስጥ ነው የሚገባው። በእኛው ቅኝት የሚጮህ ጊታር ሲጨመርበት… በቃ፣ ራስሽ ታይዋለሽ።

ድምፅ ማጉያው ሥር ግን አትቁሚ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚመከረው። ኮንሰርት ደግሞ 100ን በቀላሉ ይነካል። ፋርማሲ ጠይቀሽ ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ያዢ። ጥጥ እምብዛም አይረዳም።

አዳራሹ ውስጥ ያልብሻል፤ ሱሉልታ ስትደርሺ ግን ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ ጃኬት ያዢ። የተዘጋ ጫማ አድርጊ፤ እግር ይረገጣል። ስልክሽን የኋላ ኪስ አትክተቺ።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ የእኔም እናት ሮክ ሲባል ሰይጣን ነበር የሚመጣባት። ክርክር አልገጠምኩም። ቪዲዮውን ከፍቼ አሳየኋቸው። አባቴ ትንሽ ሰምቶ፣ ‹‹ይሄማ የኛው ዘፈን ነው፣ ጩኸቱ ብቻ በዛ›› አለ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከማን ጋር ነሽ፣ በምን ትመለሻለሽ የሚል ሆነ። የሹፌሩን ስልክና አብረውሽ የሚሄዱትን ሰዎች ስም ስጫቸው፤ ስትነሺም ደውይ።

ቀኑ ሲታወቅ እዚሁ ጻፊልን። እኛም ሚኒባስ ተጋርተን ነው የምንወርደው፤ ሴቶች እንበዛለን። ቦታ ካለ እይዝልሻለሁ፤ ሂሳቡ ግን በቅድሚያ ነው፣ ስንት ሰው መጣሁ ብሎ እንደቀረብን!