የፀረ ሙስና ስልጠናውን ከሆቴል አውጪው

ሰላም እህቴ። «በጤና ፕሮጀክታችን ላይ ለሚሠሩ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች የሁለት ቀን የፀረ ሙስና ስልጠና አዘጋጂ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር? ለሪፖርት ካልሆነስ ይጠቅማል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በሥነ ምግብና በመድኃኒት አቅርቦት ሥራ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

እኔ መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ስልጠና ኪሳራ ነበር። አዳማ፣ ሆቴል፣ ፕሮጀክተር፣ ጠዋትና ከሰዓት ሻይ። የሙስና ትርጉም፣ የሙስና ዓይነት፣ አዋጅ ቁጥር 881/2007 ምን ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቀጠልኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ስለ ሐሰተኛ ሰነድ እያወራሁ የአቴንዳንስ ወረቀቱ ይዞራል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ለራሱ ፈረመ። ከዚያ እስክሪብቶ ቀየረና ለሁለት ጓደኞቹ ፈረመላቸው። ከሁሉም የገረመኝ እስክሪብቶ መቀየሩ ነው። ጓደኞቹ ምሳ በልተው በዚያው ወጥተዋል፤ አበሉ ግን በስማቸው ይወጣል። አየሁ፤ ዝም አልኩ። ስላይዱንም አሳለፍኩት።

ይህ የእኛ ሰፈር ጉድ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኤድስን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት ለአገሮች ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ለማሊ ይሰጥ የነበረውን የወባና የቲቢ ገንዘብ ያቋረጠው 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያለ አግባብ ወጥቶ ስላገኘ ነው። ዋናው መውጫ ቀዳዳ ምን ነበር? ስልጠና! የተጋነነ የስልጠና ወጪ፣ የውሸት ደረሰኝ፣ በአበል ወረቀት ላይ የተጭበረበረ ፊርማ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርትሽ የራስሽ ስልጠና ይሁን። አቴንዳንሱ በቀን ሁለቴ፣ አንቺ ፊት ይፈረም። የቀረ ሰው አበል አይከፈለው። ያኮርፋሉ፣ ያኩርፉ። ከስላይዱ ይልቅ ያንን ነው የሚያስታውሱት።

ቀጥሎ ከሆቴል ውጪ። በተለይ ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ጤና ጣቢያ ግምጃ ቤት ውስጥ አድርጊው። እኔ በኋላ የያዝኩት ዘዴ ይህ ነው። ሰልጣኞቹን በሦስት በሦስት እከፍላቸዋለሁ። ለአንዱ ቡድን ሞዴል 19ና ሞዴል 22 (የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞቹን)፣ ለአንዱ ቢን ካርዱን (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን)፣ ለአንዱ ደግሞ ዕቃውን ራሱን እሰጣለሁ። ከዚያ ቁጠሩ ነው። ለቆጠራ እንደ ፕላምፒ ናት፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት እንደሚሰጠው የለውዝ ቅባት፣ የሚመች የለም። አንድ ካርቶን 150 ከረጢት ነው፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ካርዱ 12 ካርቶን ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለውም 12 ነው። ሁሉም ደስ አለው። አንዷ ነርስ ግን ከኋላ ያለውን ካርቶን ስታነሳው ቀለላት። ከታች ተከፍቶ እንደገና በፕላስተር ታሽጓል። ሲቆጠር ግማሹ የለም። የዚያን ቀን ቤቱ እንዴት ጸጥ እንዳለ! ከዚያ ወዲህ «ካርቶን አትቁጠሩ፣ አንሱና ቁጠሩ» የምትል ሕግ አለችኝ።

ከዚያ ወደ እናቶቹ ሂዱ። በቀን 2 የታዘዘለት ልጅ በሳምንት 14 ይወስዳል። የልጁ ካርድ ላይ 14 ተጽፎ እናትየው 10 ነው የተሰጠኝ ካለች አራቱ የት ገቡ? ባዶ ከረጢቱን መልሳ እንድታመጣ የሚደረገውም ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግን አደራ። ፕላምፒ ናት ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ስላየን ብቻ ሁሉንም አንድ ላይ መጨፍለቅ የለብንም። ጨው መግዣ አጥታ ሁለት ከረጢት የሸጠች ወይም ለታላቅየው ያካፈለች እናትና ካርቶን በባጃጅ የሚያስጭን ሰው አንድ አይደሉም። ስልጠናው ላይ ይህን ካልለየሽ ሠራተኞቹ ደካማዋን ይይዙና ወፍራሙን ይለቁታል። በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰዉ ሙስና ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም ዝም የሚለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ጀምሪላቸው፣ አዳራሹ በሙሉ እየሳቀ ይጨርስልሻል። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ጎልማሳ የመድኃኒት ባለሙያ በሻይ ሰዓት «እኔ የሰው እንጀራ አልዘጋም» አለኝ። ግምጃ ቤቱን የያዘው ሰውዬ ጎረቤቱ ነው፣ ዕድር አንድ ላይ ናቸው፣ ልጆቻቸው አንድ ክፍል ይማራሉ። ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን የጥቆማ ስልክ ማን ይደውልበታል? ለወራት ማንም አልደወለም። አንድ ሰው ደወለ፤ እሱም የመኪና ኪራይ ጨረታ መቼ እንደሚወጣ ሊጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ስለ ሌባ ማስተማር ተውኩ፣ ስለ ጉድለት ማስተማር ጀመርኩ። «ሰረቀ» ስትይ ሰው ትጠሪያለሽ። «ጎድሏል» ስትይ ግን ቁጥር ነው የምትጠሪው። በየወሩ ቆጠራ ይደረግ፣ የጎደለው በቁጥር ይጻፍ፣ ሦስት ሰው ይፈርምበት። ማን ወሰደው የሚለውን ለኦዲተር ተዉለት። ያ ባለሙያ ለጥቆማ እጁ አይሄድም ነበር፤ የጉድለት ቅጹን ግን ያለማንም ጎትጓች ይሞላ ጀመር። ለነገሩ የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረውና በኋላ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የሰፋው ኦዲት የሚደረግ የፋርማሲ አሠራር ሐሳቡ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የተሰጠው መድኃኒት ሁሉ በትኬት ይመዘገባል፣ ገንዘቡና ትኬቱ ዕለት በዕለት ይመሳከራል፣ የጎደለው ራሱ ይናገራል።

ግዥ ክፍሎችን ለብቻቸው አሰልጥኛቸው። እነሱ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ በሦስት ማኅተም ይመጣል፣ «ጓንት» የሚለው ቃል ግን በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል። እውነተኛ የቆዩ ፕሮፎርማዎችን ስም ሸፍነሽ አምጪና ራሳቸው ይፈልጉት። ጥድፊያ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱ ይፋ እንዳደረገው፣ በኢቦላው ጊዜ ላይቤሪያ ላይ ብቻ 2.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በተጋነነ የዕቃ ዋጋ፣ በደመወዝና በበጎ ፈቃደኞች ክፍያ በኩል ሳይጠፋ አልቀረም።

ለአለቆችሽም አንድ ነገር ንገሪያቸው። የሚያዘውም፣ የሚረከበውም፣ የሚያወጣውም አንድ ሰው ከሆነ የአንቺ ስልጠና ምንም አያደርግም። የግምጃ ቤት ሠራተኛው ደመወዝ ሁለት ወር እየዘገየም «ታማኝ ሁን» ማለት ያሳፍራል። እኔ እንደሱ ብዬ አውቃለሁ። ሰውዬው ዝም ብሎ አየኝና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

በጀቱ ለሆቴል ተይዟል ካሉሽ ሚኒባስ መከራያ አድርጊው። የመጀመሪያውን ቆጠራም ስልጠናው ባለቀ በወሩ አብረሻቸው ቁጠሪ፤ ብቻቸውን ከተውሻቸው ካርቶን ነው የሚቆጥሩት።