የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰይፍ ይዞ ድራጎን የሚሆነው ኮሪን

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድማችን ባለፈው ክረምት ሊጠይቀን ሲመጣ ኔንቴንዶ ስዊች የተባለውን የጌም መጫወቻ አምጥቶልን ስለነበር፣ ማታ ማታ ከታናሽ እህቴ ጋር ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት የተባለውን የፍልሚያ ጌም እንጫወታለን። እኔ ዶንኪ ኮንግን፣ እሷ ኮሪንን እንመርጣለን። እኔ ኃይለኛ ምት ስሰነዝር እሷ ጆይስቲኩን ይዛ ዝም ብላ ትጠብቀኛለች፤ ልክ ምቴ ሊያርፍ ሲል ኮሪን ድራጎን ሆኖ በውሃ ጠርጎ ያስወጣኛል። ይህ ማምለጫ አለው? ጌም ቤት የማገኛቸው ጓደኞቼ ደግሞ «ሰይፍ የያዘው እንደሁ በዝቷል፤ ኮሪን ምን አዲስ ነገር አመጣ?» ይላሉ። እውነት ነው? ከየትስ መጥቶ ከእነ ማሪዮ ጋር ተቀላቀለ?
ከጅሬን ሰፈር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ የሚያስቸግርዎትን ምት እንመልከት። እህትዎ የምትጠቀምበት የመመለሻ ምት ነው። መዘወሪያውን ወደ ታች አድርጋ የቢን ቁልፍ ስትጫን፣ ኮሪን ለአጭር ቅጽበት ሰይፉን ይዞ ይጠብቃል፤ በዚያች ቅጽበት ምት ካረፈበት ሙሉ በሙሉ ድራጎን ይሆንና ውሃውን ወደ ላይ ይለቀዋል፤ የእርስዎ ምት በከበደ መጠንም የሚመለስልዎት ይከብዳል። ዶንኪ ኮንግ ደግሞ ከባድ ምት ከሚሰነዝሩት አንዱ በመሆኑ፣ እህትዎ የምታሸንፍዎት በእርስዎው ጉልበት ነው ማለት ነው።

መፍትሔው መያዝ ነው። የመመለሻ ምት የሚሠራው ለምት ብቻ ስለሆነ፣ ተጠግተው የመያዣውን ቁልፍ ቢጫኑ ኮሪን ምንም ማድረግ አይችልም። ዶንኪ ኮንግ የያዘውን ተፋላሚ ትከሻው ላይ ተሸክሞ መራመድና መዝለል ስለሚችል፣ ወደ መድረኩ ጠርዝ ወስደው መወርወር ይችላሉ። ማንም ሳይመታው ከቀረ ኮሪን ለጥቂት ጊዜ ራሱን መከላከል አቅቶት ይቆማል። ስለዚህ ሊመቱ እንደመጡ መስለው ይጠጉ፤ እጅዎን ግን ይሰብስቡና እሷ ቁልፉን እስክትጫን ይጠብቁ። በዚህ ጌም የሚያልቅ የጤና መስመር የለም፤ የሚታየው በመቶኛ የሚጨምር የጉዳት ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን የተመታው ሰው ይበልጥ ርቆ ይወረወራል። ቁጥርዎ ከፍ ካለ በኋላ አንድ ችኮላ ዙሩን ሊያሳጣዎት የሚችለው ለዚህ ነው።

ወደ ጓደኞችዎ ጥያቄ ስንመጣ፣ ቅሬታቸው መሠረት አለው። ኮሪን የመጣበት ፋየር ኤምብለም የተባለው የጌም ተከታታይ በአልቲሜት ውስጥ ማርስን፣ ሮይን፣ አይክን፣ ሉሲናን፣ ሮቢንን፣ ኮሪንን፣ ክሮምንና ባይሌትን፣ በድምሩ 8 ተፋላሚዎችን አሰልፏል። ከእነዚህም ሉሲና የማርስን፣ ክሮም ደግሞ የሮይን አመታት አብዛኛውን ይጋራሉ። ቅሬታው ለእነርሱ ቢቀርብ እንቀበለዋለን፤ ኮሪንን ግን ከዚያ ተርታ ማስገባት ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል። ምክንያቱም የኮሪን ዋነኛ መሣሪያ የገዛ አካሉ ነው።

እህትዎ ስትጫወት እጁን ልብ ብለው ይመልከቱት። ውሃ ሲተኩስ እጁ የድራጎን አፍ ሆኖ ይነክሳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ከጀርባው ክንፍ ይበቅላል፤ ወደ ፊት ሲዘል ክንዱ ረጅም ጦር ሆኖ ተቃዋሚውን መሬት ላይ ይቸነክረዋል። ከቸነከረው በኋላ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ በእግሩ መምታት፣ ወይም ትቶት መዝለል ይችላልና ቀጥሎ የሚያደርገውን መገመት አስቸጋሪ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ቆሞ የሚሰነዝረው ረጅሙ የክንድ ጦር ነው፤ ገና ኃይል እያጠራቀመ ሳለ እንኳ የነካውን ይጎዳል። ኃይሉ ያለው ጫፉ ላይ በመሆኑ፣ አንድ ክንድ ያህል ጠጋ ብለው ቢመቱት የሚደርስብዎት ጉዳት ይቀንሳል። ከኮሪን ጋር ሲፋለሙ መሸሽ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መለዋወጥ ለትርኢት ያህል የተጨመረ አይደለም። ኮሪን የመጣው ፋየር ኤምብለም ፌትስ ከተባለው ጌም ሲሆን፣ ጌሙ በጃፓን የወጣው እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ነው፤ በዚያ ስሙ ካሙይ ይባላል። ያደገው በጌሙ ታሪክ ውስጥ ባለው የኖር መንግሥት፣ በአንድ ገለልተኛ ምሽግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የተቀናቃኙ የሆሺዶ መንግሥት ንጉሣዊ ቤተሰብ መሆኑን ይረዳል። እናቱ ፊቱ ስትሞት ራሱን ስቶ ወደ ድራጎንነት ይለወጣል፤ በዜማ የምታረጋጋው አዙራ የተባለችው የጌሙ ገጸ ባሕርይ ነች፤ ይህን አውሬነት የሚቆጣጠርበትን ድንጋይ የምትሰጠውም እሷ ነች። ተጫዋቹ ኮሪንን ወንድ ወይም ሴት አድርጎ መምረጥ ስለሚችል በስማሽም ካሉት 8 አልባሳት ግማሹ የወንድ፣ ግማሹ የሴት ነው።

ወደ ስማሽ መግባቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2015 ሲሆን፣ ዊ ዩና ስሪ ዲኤስ ለተባሉት የኔንቴንዶ መጫወቻዎች በወጣው የቀድሞው ስማሽ ላይ ከባዮኔታ ጋር በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2016 የመጨረሻው ተጨማሪ ተፋላሚ ሆኖ ተቀላቅሏል። የራሱ ጌም ሰሜን አሜሪካ የደረሰው በዚያው ወር 19ኛው ቀን ላይ በመሆኑ፣ የዚያ አገር ተጫዋቾች ታሪኩን ከማወቃቸው በፊት ምቱን ቀመሱ። ሮይም ቀደም ሲል እንዲሁ ነበር፤ በ2001 ስማሽ ሜሊ በተባለው የቀደመ የስማሽ ጌም ታየ፣ የራሱ ጌም ግን በጃፓን የወጣው በ2002 ነው። ተከታታዩ ራሱ ከጃፓን ውጭ መሸጥ የጀመረው በ2003 ሲሆን፣ ማርስና ሮይ በስማሽ ያገኙት ፍቅር ለዚህ መንገድ ከፍቷል።

ጌም ቤት ሄደው ጓደኞችዎን በኮሪን ለመግጠም ካሰቡ፣ ስማሽ በፕሌይስቴሽን ላይ እንደማይሠራ ይወቁ። ስዊቹን ራሱን ይዘው ቢሄዱ ግን መብራት ቢጠፋም በባትሪው ይሠራል፤ በጎኑ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጆይስቲኮች ሲነቀሉም ለሁለት ተጫዋች ይበቃሉ። ጨዋታው አዲስ ሲጀመር 8 ተፋላሚዎች ብቻ ስለሚታዩ፣ ኮሪን በሌላ ሰው መሣሪያ ላይ ቢጠፋብዎት አይደንግጡ፤ እየተጫወቱ ሲሄዱ ሊገጥምዎት ይመጣል፣ ካሸነፉትም የእርስዎ ይሆናል። ቢሸነፉም ቆየት ብለው ድጋሚ የሚገጥሙበት በር በማውጫው ላይ ይከፈትልዎታል።