ለቤት የሲኤንሲ ማሽን የትኛውን ክፍት ምንጭ መቆጣጠሪያ ልምረጥ?

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በማሽኒንግ ሙያ ደረጃ 4 አጠናቅቀሽ ደብረ ብርሃን ውስጥ በአጎትሽ የእንጨት ሥራ ቤት እየሠራሽ እንደሆነ፣ 300 በ180 ሚሊ ሜትር የመሥሪያ ስፋት ባላት ትንሽ የሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር ትእዛዝ በምትቀርጽ) ጌጣጌጥ ስትቀርጪ እንደቆየሽ፣ አሁን ደግሞ 600 በ900 ሚሊ ሜትር የሆነ ራውተር (በሚሽከረከር መቁረጫ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን) ራስሽ ለመገጣጠም እንዳሰብሽ ጽፈሻል። ማሽኑን በሚመራው ሶፍትዌር ላይ ግን ጓደኞችሽ አልተስማሙም፤ አንዱ ማች 3ን በነጻ እገለብጥልሻለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ግርብል ይበቃሻል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሊኑክስ ሲኤንሲ በቀር ያለው ሁሉ መጫወቻ ነው ብሎሻል። የአንቺ ጥያቄ ግን ከክርክራቸው አልፎ ይሄዳል፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ፋብሪካ ለመቀጠር የሚጠቅመኝ የትኛውን ብይዝ ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። አዲሱን ማሽን ከግርብል ቤተሰብ በሆነ መቆጣጠሪያ አንቀሳቅሺው፤ ሊኑክስ ሲኤንሲን ደግሞ ከማሽኑ ጋር ሳታገናኚ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በማስመሰያው አጥኚው። ጓደኞችሽ ማሽን የሚያንቀሳቅሰውና ሙያ የሚያስተምረው ሶፍትዌር የግድ አንድ መሆን አለበት ብለው ስለገመቱ ነው መስማማት ያቃታቸው።

ማች 3ን በአጭሩ ልለፈው። ለዓመታት ብዙ ማሽኖችን ያንቀሳቀሰ ሶፍትዌር ነው፤ ነገር ግን የሚሸጥ እንጂ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ) አይደለም፤ በፓራለል ፖርት (በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ባለው መሰኪያ) ማሽኑን የሚያናግርበት ሶፍትዌር በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ጓደኛሽ የሚሰጥሽም ፈቃድ የሌለው ቅጂ ነው። ቀጣሪ ፊት ቀርበሽ በምን እንደተማርሽ ስትጠየቂ የምታፍሪበትን መልስ ከአሁኑ አታዘጋጂ።

ግርብል በ2009 በኖርዌያዊው ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ የተጀመረ ሲሆን፣ አርዱዪኖ ኡኖ በሚባለው ርካሽ ቦርድ ላይ፣ በ16 ሜጋ ኸርትዝ ፍጥነትና በ2 ኪሎ ባይት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ብቻ ሦስት ዘንጎችን (የእንቅስቃሴ አቅጣጫዎችን) አስተባብሮ ያንቀሳቅሳል። ይህን ያህል ጠባብ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ሥራ መግባቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፤ በሰከንድ የሚያወጣው እርምጃ (ሞተሩን በጥቂቱ የሚያዞር ምልክት) ከ30 ሺህ አይበልጥም። ይህ ቁጥር ለአንቺ ማሽን ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ከጓደኛሽ ሳይሆን ከስሌት ማወቅ ትችያለሽ። አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ የሚፈጅ ስቴፐር ሞተር ወስደሽ፣ ድራይቨሩን (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠውን ዕቃ) እያንዳንዱን እርምጃ በ8 እንዲከፍል ብታስተካክዪው፣ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ከሚጓዝ ቦል ስክሩ (ዙርን ወደ ቀጥታ ጉዞ ከሚቀይር ረጅም ብሎን) ጋር ሲገጠም ለአንድ ሚሊ ሜትር 320 እርምጃ ያስፈልገዋል። 30 ሺህን ለ320 ስታካፍዪ በሰከንድ 93.75 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በደቂቃ 5625 ሚሊ ሜትር ታገኛለሽ። ድራይቨሩን ወደ 16 ክፍልፋይ ብትቀይሪው ጣሪያው በግማሽ ወርዶ ወደ 2812 ይጠጋል። ዋንዛንም ሆነ ኤምዲኤፍን (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) በትንሽ ስፒንድል (መቁረጫውን በሚያሽከረክር ሞተር) በደቂቃ 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ለምትቆርጭ ሁለቱም ይበቁሻል፤ ስለዚህ በፍጥነት በኩል ግርብልን መጫወቻ የሚለው ወዳጅሽ ስሌቱን አልሠራም ማለት ነው። ያገኘሻቸውን ቁጥሮች የምታስገቢው የዶላር ምልክት ተቀድሞ 100፣ 101 እና 102 ተብለው በሚጠሩት ማስተካከያዎች ውስጥ ነው። ከእነዚህ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ በደብተርሽ ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ 900 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ (ስፒንድሉን የሚሸከመው ክፍል) በአንድ ሞተር መሳቡ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በግራና በቀኝ ሁለት ሞተር ይፈልጋል፤ ሁለቱም መነሻ ቦታቸውን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሊሚት ስዊች (የጉዞ ጫፍን በሚያሳውቅ ቁልፍ) ካላገኙ ድልድዩ ጠምዘዝ ብሎ ይቆምና አራት ማዕዘን ብለሽ የቆረጥሽው ሁሉ ያጋድላል። ግርብል በመደበኛ አቀማመጡ ይህን ስለማያደርግልሽ፣ የእርሱ ልጆች ከሆኑት አንዱን እንድትመርጪ እመክርሻለሁ፦ ወይ በ32 ቢት ቦርዶች ላይ የሚሠራውን ግርብል ሃል፣ ወይም ኢኤስፒ32 በሚባለው ቦርድ ላይ የሚሠራውንና ማስተካከያውን በአንድ የጽሑፍ ፋይል የሚቀበለውን ፍሉይድ ኤንሲን። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እወስድ ነበር፤ የማሽኑ ጠባይ በሙሉ በአንድ ፋይል ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ለማንበብም ለማስረዳትም ይቀልላል።

አሁን ጓደኞችሽ ወዳላነሱት ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም የመብራት መጥፋት ነው። ኮንትሮለርሽ (መቆጣጠሪያ ቦርድሽ) ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ከላፕቶፕሽ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሞተሮቹና ስፒንድሉ ይቆማሉ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል፣ ኮንትሮለሩም ምንም እንዳልተፈጠረ እርምጃ መቁጠሩን አይተውም። ሞተሮቹ ኢንኮደር (መዞራቸውን የሚያሳውቅ መለኪያ) ስለሌላቸው አለመንቀሳቀሳቸውን የሚነግረው ነገር የለም። መብራቱ ሲመለስ ስፒንድሉ በራሱ ይነሳል፤ መቁረጫ ቢቱ ድሮ በቆመበት እንጨት ውስጥ ሆኖ ኮንትሮለሩ ሌላ ቦታ እንዳለ ያምናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በጥገና ስሠራ፣ በአንድ ሥራ ቤት ውስጥ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የዋንዛ በር በዚህ ዓይነት ሲበላሽ፣ የተሰበረው ቢትም በሠራተኛው ጆሮ አጠገብ ሲያልፍ አይቻለሁ። ያን ቀን ሁሉም ሶፍትዌሩን ነበር የሚረግመው፤ ጥፋቱ ግን የሽቦ አዘረጋጉ ነበር።

ስለዚህ ለሞተሮቹና ለስፒንድሉ የሚሄደው ኃይል በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ይለፍ፤ መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ ይለቅቃል፣ ሲመለስም አንቺ የማስነሻውን ቁልፍ እስካልተጫንሽ ድረስ አይይዝም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍም ይህንኑ ኮንታክተር ይቁረጥ፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለው የማቆሚያ ምልክት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ አይባልም። የኮንታክተሩን ረዳት ኮንታክት ከኮንትሮለሩ የማቆሚያ መግቢያ ጋር ካገናኘሽው፣ ኃይል በተቋረጠ ቅጽበት ፕሮግራሙም አብሮ ይቆማል። ከዚያ ማሽኑን እንደገና ወደ መነሻው ልከሽ፣ በጂ-ኮድ (በማሽን ትእዛዝ ቋንቋ) ጂ54 ተብሎ የተመዘገበው የሥራ ዜሮሽ (ሥራው የሚለካበት መነሻ ነጥብ) በቋሚው ማህደረ ትውስታ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ሥራውን ካቋረጥሽበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ብለሽ መቀጠል ትችያለሽ። ይህን ሥራ የምትሠሪው ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ አጠገብሽ ባለበት ይሁን፤ 220 ቮልት ልምምድ አያውቅም።

ወደ ሊኑክስ ሲኤንሲ ስንመጣ፣ መሠረቱ በ1990ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የተጣለ ነው። የተነደፈው ለእውነተኛ የፋብሪካ ማሽኖች ስለነበር ከኢንኮደር የሚመጣን ምልክት እየተቀበለ ስሕተትን የሚያርም ሰርቮ ሞተር ማንቀሳቀስ፣ የስክሩን ልቅነት ማካካስና ብዙ ዘንግ ያለውን ማሽን መምራት ይችላል። ታዲያ ለምን በማሽንሽ ላይ አልጫንልሽም? ምክንያቱም ከሞተሮቹ ጋር በተራ ዩኤስቢ አይነጋገርም፤ ወይ ፓራለል ፖርት ያለው ኮምፒውተር፣ ወይም ለዚሁ የተሠራ ካርድ ይፈልጋል፤ ዩኤስቢን ወደ ፓራለል የሚቀይረው ገመድም አያገለግለውም። በተጨማሪም እርምጃዎቹን ራሱ ኮምፒውተሩ በሚያወጣበት ጊዜ፣ ኮምፒውተሩ ለትእዛዝ የሚዘገይበት ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ የሚለካ መሆን አለበት፤ እስከ 20 ማይክሮ ሰከንድ ጥሩ ነው፣ ከ100 ካለፈ ግን ለዚህ አሠራር አይሆንም። ላፕቶፖች ኃይል ለመቆጠብ በሚያደርጉት ነገር ምክንያት በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃሉ። ይህን ሁሉ ከአዲስ ማሽን ግንባታ ጋር ደርበሽ ብትይዢ፣ ሲንቀጠቀጥ ጥፋቱ የስክሩ ይሁን የኮምፒውተሩ ሳታውቂ ወራት ያልፋሉ።

በማስመሰያው ግን ይህ ሁሉ ቀንበር የለም። ሶፍትዌሩን አውርደሽ ያለ ምንም ማሽን በስክሪን ላይ ማስኬድ ትችያለሽ፤ ለሥራ ፍለጋሽ የሚጠቅመውም እዚህ ነው። ግርብል በጂ81 የሚጻፈውን የመብሻ ዑደት፣ በጂ41 እና በጂ42 የሚታዘዘውን የመቁረጫ ራዲየስ ማካካሻ፣ የመሣሪያዎች ሰንጠረዥንም አያውቅም፤ ብትልኪለት ስሕተት ብሎ ይመልስልሻል። የፋብሪካ ፕሮግራሞች ግን በእነዚሁ የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ 12 ቀዳዳ ያለው አንድ ሳህን በወረቀት ላይ ነድፈሽ፣ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቀዳዳ በተራ ትእዛዝ ጻፊ፣ ቀጥሎ በጂ81 አሳጥሪው፣ ከዚያም የሳህኑን ዙሪያ በጂ41 ቁረጪውና በሰንጠረዡ ላይ የመሣሪያውን ዲያሜትር ከ6 ወደ 5.8 ሚሊ ሜትር ስትቀይሪ መንገዱ እንዴት እንደሚጠጋ ተመልከቺ። ቢት እየተሳለ ሲቀጥን ፕሮግራሙን ሳይነኩ ልኩን መጠበቅ ማለት ይህ ነው፤ ጥሩ ጠያቂም ሊጠይቅሽ የሚችለው ይህን ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ማሽኖቻቸውን የሚያዝዙት በፋኑክ፣ በሲመንስና በመሳሰሉት መቆጣጠሪያዎች ነው፤ ግርብልንም ሆነ ሊኑክስ ሲኤንሲን የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ፍለጋ ብትወጪ ትደክሚያለሽ። የሚሸጋገረው የሶፍትዌሩ ስም ሳይሆን የማሽን ዜሮና የሥራ ዜሮ ልዩነት፣ የመሣሪያ ርዝመት ማካካሻ፣ ማሽን ከተጋጨ በኋላ ምን ተፈትሾ እንደሚነሳ ማወቅና ጂ-ኮድን በዓይን አንብቦ መረዳት ነው። እነዚህን ይዘሽ ከሄድሽ የፋኑክን የቁልፍ ሰሌዳ መልመድ ያን ያህል አያስቸግርሽም። ክፍት ምንጭ የሚረዳሽ ውስጡን ከፍቶ ስለሚያሳይሽ ነው፤ ሞተሩ ለምን በዚህ ፍጥነት ብቻ እንደሚሄድ ከፋብሪካ ማሽን ይልቅ ከራስሽ ማሽን ትማሪያለሽ። በነገራችን ላይ ማሽን እየገጣጠምሽ መሸጥ ብትፈልጊ የግርብል ፈቃድ አይከለክልሽም፤ ነገር ግን የኮዱን ምንጭ፣ ለውጠሽው ከሆነም የለወጥሽውን ጨምረሽ፣ ለገዢው መስጠት ይጠበቅብሻል።

ከሥራ ማመልከቻሽ ጋር የምታያይዢው ማስረጃም ከዚሁ ይወጣል። ማሽኑ ሲያልቅ በኤምዲኤፍ ላይ 200 በ200 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጪና ጎኖቹን በካሊፐር፣ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ደግሞ በብረት ማስመሪያ ለኪ፤ ሰያፎቹ 282.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነው እኩል ካልመጡ ድልድዩ ተጣሟል ማለት ነው። የመጀመሪያውን መጥፎ ልኬት አትሰርዢው፤ ምን እንዳስተካከልሽና ሁለተኛው ስንት እንደመጣ ከጎኑ ጻፊ። ከላይ ያልሁሽ ደብተር እነዚህን ሁሉ የያዘ ይሁን።

በሥራ ልምድ ማጠቃለያሽ ላይ «ግርብል አውቃለሁ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል ወይ ብለሽ ላነሳሽው ጥያቄ፣ እንዲህ ብትጽፊ ይሻላል፦ «600 በ900 ሚሊ ሜትር የመሥሪያ ስፋት ያለው ባለ ሦስት ዘንግ ራውተር ነድፌ ገጣጥሜያለሁ፤ የእርምጃ ስሌቱን፣ የኃይል መቁረጫ ሰርኩቱንና የልኬት ማስተካከያውን ሠርቻለሁ፤ የመብሻ ዑደትና የራዲየስ ማካካሻ ያላቸውን ፕሮግራሞች በማስመሰያ እጽፋለሁ።» ሰርኩቱን የዘረጋው ባለሙያው ከሆነ ግን «ሠርቻለሁ» የሚለውን «ከባለሙያ ጋር ሠርቻለሁ» ብለሽ አስተካክዪው።